ንዳው፦ ከድንበሩ ወዲህ ዘዬ፣ ከድንበሩ ወዲያ ቋንቋ

በጁን 2024 ጉግል ትራንስሌት በአንድ ጊዜ 110 ቋንቋዎችን ጨመረ። እኔ ዝርዝሩን የከፈትኩት አፋርኛን ፍለጋ ነበር። አፋርኛ አለ። ኑዌርኛም አለ። ከኑዌርኛ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ ግን የማላውቀው ስም ተቀምጧል፤ ንዳው።

ስሙን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ይህ ቋንቋ በአንድ አገር ሕዝብ ቆጠራ ውስጥ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ድንበሩን በእግር ተሻግረህ ወደ ጎረቤቱ ስትገባ ደግሞ ለ80 ዓመት ያህል "የሌላ ቋንቋ ዘዬ" ሲባል ኖሯል። የሚናገሩት ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው። ቃላቱም ያው ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከዚህ በታች የማስረዳው ይህንን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የት ነው የሚነገረው?

ካርታ ዘርጉና ከዚምባብዌ ምሥራቃዊ ጫፍ ተነሱ። ቺማኒማኒና ቺፒንጌ የሚባሉ ሁለት ወረዳዎች አሉ። ምሥራቃዊ ክፍላቸው ደጋ ነው። በቺፒንጌ ሻይና ማካዳሚያ ይለማል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ስትወርዱ ድንበሩን አልፋችሁ ሞዛምቢክ ትገባላችሁ። ሞሱሪዜ፣ ማቻዜ፣ ቺባባቫ፣ ቡዚ እያላችሁ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ እስከ ቤይራ ከተማ ድረስ ትዘልቃላችሁ። ይህ ሁሉ የንዳው ተናጋሪዎች አገር ነው።

በሞዛምቢክ የ2017 ቆጠራ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች አፍ መፍቻቸው ንዳው መሆኑን ተናግረዋል። በዚምባብዌ በኩል ቁጥሩን መያዝ ይከብዳል። ምክንያቱም ንዳው ተናጋሪው ለአሥርት ዓመታት የዚምባብዌ ትልቁ ቋንቋ በሆነው በ"ሾና" ስም ሥር ሲቆጠር ኖሯል።

ስሙን ስታነቡ ግራ እንዳይገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ንዳው የባንቱ ቋንቋ ነው። በባንቱ ቋንቋዎች ውስጥ ብዙ ሥራ የሚሠራው በቃሉ መጀመሪያ ላይ የሚለጠፈው ምዕላድ ነው። አንድ ሰው ሲሆን ሙንዳው ይባላል። ብዙ ሰዎች ሲሆኑ ቫንዳው። ቋንቋው ደግሞ ቺንዳው። እኛ "አማራ" ካልን በኋላ መጨረሻው ላይ "ኛ" ጨምረን "አማርኛ" እንላለን። እነሱ ያንኑ "ኛ" ከፊት ያስቀምጡታል። ኪስዋሂሊ ውስጥ ያለው "ኪ"፣ ኢሲዙሉ ውስጥ ያለው "ኢሲ" የዚሁ የ"ቺ" ወንድሞች ናቸው።

ንዳው የሚለው ስም ራሱ ከየት መጣ?

ሁለት ወሬ አለ። አንዱ እንዲህ ይላል። እነዚህ ሰዎች እንግዳ ወይም ባለሥልጣን ፊት ሲቀርቡ ዝቅ ብለው እጅ እየነሡ "ንዳውዌ፣ ንዳውዌ" ይሉ ነበር። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች በሰላምታቸው ጠሯቸው። ሁለተኛው ደግሞ ቃሉ በቋንቋው "ቦታ፣ አገር" ማለት ነው፤ ስለዚህ "የአገሩ ሰዎች" እንደማለት ነው ይላል።

ለእኔ የመጀመሪያው ይበልጥ ትኩረቴን ሳበው። ሰላምታ ሲሰጥ የተሰማ ሕዝብ በሰላምታው ተጠራ ማለት ነው። ያ ሰላምታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከአንድ አስቸጋሪ ዘመን ጋር ተያይዞ ነው።

የጋዛ ነገሥታት ምን አመጡ?

በ1820ዎቹ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በሚባለው ምድር ትልቅ ጦርነትና ስደት ነበር። ከዚያ ሸሽተው ወደ ሰሜን ከወጡት የጦር መሪዎች አንዱ ሶሻንጋኔ ነው። የንጉኒ ተወላጅ ነው፤ ማለትም ከዙሉዎቹ ወገን። ሶሻንጋኔ ዛሬ ደቡብና መካከለኛ ሞዛምቢክ በሚባለው ምድር ጋዛ የሚባል መንግሥት አቆመ። የንዳው ተናጋሪዎች አገርም በዚህ መንግሥት ሥር ገባ።

ይህ አገዛዝ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። ንዳው ወጣቶች ለጋዛ ጦር ተመለመሉ። ጆሯቸውን በንጉኒዎቹ ወግ ተበሱ። ዛሬ በቺፒንጌ ሙቾንጎዮ የሚባለው፣ እግር እያነሡ መሬቱን የሚረግጡበት ጭፈራ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

በቋንቋውም ላይ አሻራ ቀርቷል። ንዳው ውስጥ ከንጉኒ ቋንቋዎች የገቡ የምላስ ጠቅታ ድምፆች አሉ። ጠቅታ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እኛ የሚያሳዝን ነገር ስንሰማ ምላሳችንን ከላይኛው ጥርሳችን ሥር አጣብቀን "ምጽ" እናደርጋለን። ከንፈር መምጠጥ የምንለው ነው። ለእኛ ይህ ድምፅ ስሜት መግለጫ እንጂ የቃል አካል አይደለም። አሁን ያንኑ ድምፅ እንደ "በ" ወይም እንደ "ከ" ቆጥራችሁ በአንድ ቃል መሀል ክተቱት። ጠቅታ ይህ ነው። ዙሉ እና ቆሳ የሚታወቁበት ነው። ወደ ንዳው የመጣው ከጋዛ ሰዎች ጋር ነው።

በ1889 የጋዛ የመጨረሻው ንጉሥ ንጉንጉንያኔ ዋና ከተማውን ከንዳው አገር፣ ከሞሱሪዜ፣ ነቅሎ ወደ ደቡብ አዛወረ። ብቻውን አልሄደም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የንዳው ሰዎችን እየነዳ ይዟቸው ወረደ። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። በ1895 ፖርቱጋሎች ንጉሡን ቻይሚቴ ላይ ማርከው ወደ አዞሬስ ደሴቶች አጋዙት። እዚያው በ1906 ሞተ።

እነዚያ ወደ ደቡብ የተነዱ ሰዎች ግን ከታሪኩ አልወጡም። በደቡብ ሞዛምቢክ የሚኖሩት የጾንጋ ተናጋሪዎች "የንዳው መንፈስ" የሚሉት ነገር አላቸው። በግፍ የሞተ፣ በወጉ ያልተቀበረ ንዳው፣ የገደለውን ቤተሰብ ፈልጎ ይመጣል ብለው ያምናሉ። መንፈሱ በአዋቂው ወይም በአዋቂዋ ላይ ሲወርድ የሚናገረው በንዳው ነው። ሴትየዋ በዕለት ተዕለት ኑሮዋ ንዳው አትናገር ይሆናል። መንፈሱ ሲወርድ ግን ቋንቋው ይወርዳል። እኛ ዛር የሰፈረበት ሰው በሌላ አነጋገር ሲያወራ እንደሰማነው ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያሉ ሳንጎማ የሚባሉ ባህላዊ ሐኪሞችም "አማንዳው" የሚሏቸው መናፍስት አሏቸው።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ተነድቶ የሄደ ሕዝብ ቋንቋ፣ በነዱት ወገኖችና በጎረቤቶቻቸው አፍ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሰማል። በጽሑፍ አይደለም። በትምህርት ቤትም አይደለም። መናፍስት እንዲከበሩ ሲጠይቁ ነው።

ድንበሩ መቼ መጣ?

እንግሊዝና ፖርቱጋል በ1891 ተዋዋሉ። መስመሩ በቺማኒማኒ ተራሮች በኩል አለፈ። የንዳው አገር ለሁለት ተከፈለ። ደጋው ለእንግሊዝ፣ ቆላውና የባሕሩ ዳርቻ ለፖርቱጋል ሆነ።

መስመሩ ሰዎቹን አላቆማቸውም። በፖርቱጋል በኩል ማኒካና ሶፋላ የሚባሉትን ግዛቶች እስከ 1942 ድረስ ያስተዳደረው የሞዛምቢክ ኩባንያ የሚባል የንግድ ድርጅት ነበር። የግዳጅ ሥራ ያሠራ ነበር። ከዚህ ለማምለጥ ወደ እንግሊዙ ወገን የተሻገረው ብዙ ነው። ከሁለቱም ወገን ወንዶቹ ወደ ጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድን ወረዱ። እዚያ የሚገናኙት "ሮዴዥያዊ" (ሮዴዥያ የዚያን ጊዜ የዚምባብዌ ስም ነው) እና "ሞዛምቢካዊ" ሆነው ሳይሆን የአንድ ቋንቋ ልጆች ሆነው ነበር።

ድንበሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በ2019 የታየበት መንገድ ግን ከሁሉም ያማል። በማርች 14 ሌሊት ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራ አጠገብ ከባሕር ወደ የብስ ገባ። ቡዚ በውሃ ተዋጠ። ከዚያ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ዝናቡን ቺማኒማኒ ላይ ዘረገፈው። ንጋንጉና ኮፓ የሚባሉ ሁለት መንደሮችን ድንጋይና ጭቃ ጠራረጋቸው። ጎርፉ አስከሬን ይዞ በሩሲቱ ወንዝ ወደ ሞዛምቢክ ወረደ። ከታች ያሉ መንደርተኞች የማያውቁትን ሰው ከውሃ እያወጡ ቀበሩ። ዚምባብዌያውያን ወገኖቻቸውን ሲፈልጉ ፍለጋው ድንበር ተሻገረ። በወንዙ ላይኛው ወገንም በታችኛውም ወገን የሚነገረው ንዳው ነው። "ልጄን አይታችኋል?" ለማለት እንግሊዝኛም ፖርቱጋልኛም አያስፈልግም።

ታዲያ ንዳው ሾና ነው ወይስ አይደለም?

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን።

መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት እንለይ። ዘዬ ማለት አንድን ቋንቋ የአንድ አካባቢ ሰዎች የሚናገሩበት መንገድ ነው። የጎጃም አማርኛና የወሎ አማርኛ ዘዬዎች ናቸው። ቋንቋ ደግሞ ራሱን የቻለ፣ በራሱ ስም የሚጠራ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። መሬት ላይ ግን መስመር የለውም። ከጎጃም ተነሥተህ በእግርህ ወሎ ብትሄድ "የጎጃም አነጋገር እዚህ አለቀ" የምትልበት መንደር አታገኝም። ትንሽ በትንሽ ይለወጣል። ከዛምቤዚ ወንዝ ደቡብ ያለው አገርም እንዲሁ ነበር። የአንዱ መንደር ሰው የጎረቤቱን ይሰማል። ጎረቤቱ የሚቀጥለውን ይሰማል። ጫፍና ጫፍ ያሉት ግን ይቸገራሉ።

ከዚያ ሚሲዮኖች መጡ። ሚሲዮን መጽሐፍ ቅዱስ ማሳተም ይፈልጋል። መጽሐፍ ለማሳተም ደግሞ "እንዲህ ነው የሚጻፈው" ብሎ መወሰን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሚሲዮን በደጁ የሰማውን አነጋገር ያዘ። የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን በሞርገንስተር ካራንጋን ጻፈ። ካቶሊኮች በቺሻዋሻ ዜዙሩን ያዙ። አንግሊካኖችና ሜቶዲስቶች በሙታሬ አካባቢ ማኒካን ጻፉ። የአሜሪካን ቦርድ የሚባለው ሚሲዮን ደግሞ በ1893 በቺፒንጌ ማውንት ሴሊንዳ ላይ፣ ቺሪንዳ ጫካ አጠገብ ሰፈረ። የያዘው ንዳውን ነው። እንግዲህ ትንሽ በትንሽ ይለወጥ የነበረው አነጋገር በመጽሐፍ ተቆራርጦ አራት አምስት ስም ወጣለት።

ከማውንት ሴሊንዳ ተማሪዎች አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ካምባ ሲማንጎ ይባላል። ተወልዶ ያደገው በፖርቱጋሎቹ በኩል፣ ከባሕሩ አካባቢ ነው። ትምህርት ፍለጋ ወደ ማውንት ሴሊንዳ ወጣ። ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ ሃምፕተን፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ተማረ። እዚያ ከታዋቂው የባህል አጥኚ ፍራንዝ ቦአስ ጋር ሠራ። በ1922 ሁለቱ አብረው የንዳው ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ አሳተሙ። ስሙ ከቦአስ እኩል በደራሲነት ተጽፏል። በዚያ ዘመን አፍሪካዊው ብዙውን ጊዜ "መረጃ ሰጪ" ተብሎ ነበር የሚታለፈው።

በ1929 የደቡባዊ ሮዴዥያ መንግሥት አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ለአንድ ቅኝ ግዛት አምስት ዓይነት መማሪያ መጽሐፍ ማሳተም ያስከፍላል፤ አንድ ማድረግ አይቻልም ወይ? ለጥናቱ የተጠራው በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ክሌመንት ዶክ ነው። ዶክ አገሩን ዞሮ በ1931 ሪፖርቱን አወጣ። አነጋገሮቹን በቡድን ከፈላቸው፤ ዜዙሩ፣ ካራንጋ፣ ኮሬኮሬ፣ ማኒካ፣ ንዳው፣ ካላንጋ። ሁሉም በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ ይጠቃለሉ አለ። ስሙም "ሾና" ይሁን። ይህ ስም ግን የሁሉም የራሳቸው መጠሪያ አልነበረም።

የሪፖርቱ ዝርዝር ለንዳው ወሳኝ ነበር። ሰዋስዉ በዜዙሩና በካራንጋ ላይ እንዲመሠረት ተመከረ። መዝገበ ቃላቱ ግን ከማኒካና ከንዳውም ቃል እንዲሰበስብ። ማለትም ንዳው ለቤቱ ዕቃ ያዋጣል እንጂ ምሰሶው አይደለም።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1999 ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ቀላቅሎ "ወጋጎዳ" የሚል መማሪያ ቋንቋ ተሠርቶ ነበር። ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። የሾናው ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ተሳካ። ዛሬ ሾና በሚሊዮኖች የሚነገር፣ ልብ ወለድ የሚጻፍበት፣ ሙሉ የጽሑፍ ቋንቋ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መካድ አይገባም። ዋጋውን የከፈለው ግን ጠርዝ ላይ የነበረው ነው። ለሐራሬ ቅርብ የሆነው ዜዙሩ የሬዲዮና የመጽሐፍ አነጋገር ሆነ። ንዳው ተናጋሪው ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቶ "የራሱን ቋንቋ" እንደገና መማር ነበረበት። ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1987 የትምህርት ሕግም ሾናን፣ ንዴቤሌንና እንግሊዝኛን ነበር የሚያውቀው። የቺፒንጌ ልጅ እቤቱ የሚጠቀምበትን ቃል በሾና ፈተና ላይ ከጻፈ ስሕተት ነው።

"ግን ይግባባሉ አይደል?" ትሉ ይሆናል። ይግባባሉም አይግባቡምም። ቺፒንጌ ያደገ ሰው የሐራሬን ሾና ይሰማል። በሬዲዮ ሰምቶታል፣ ተምሮታል። ሐራሬ ያደገው ግን ሁለት የቺፒንጌ ሽማግሌዎች ሲያወጉ ቢሰማ ብዙው ያመልጠዋል። ጨሃ ተናጋሪ አማርኛን አብጠርጥሮ ሲሰማ አማርኛ ተናጋሪው ግን ጨሃ ሲነገር ዝም ብሎ እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። የሾናና የንዳው ዝምድና ከዚህ የቀረበ ቢሆንም የአንድ ወገን መግባባት የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ "ይግባባሉ" የሚለው መለኪያ ብቻውን አይፈርድም።

በ2013 ዚምባብዌ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች። አንቀጽ 6 ለ16 ቋንቋዎች ይፋዊ ዕውቅና ይሰጣል። የምልክት ቋንቋም አንዱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ "ሾና" አለ። "ንዳው" ደግሞ ለብቻው አለ። ካላንጋም አለ። ማኒካ፣ ካራንጋና ዜዙሩ ግን የሉም፤ እነሱ በሾና ውስጥ ቀሩ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የንዳው ሰዋስው አልተለወጠም። አንድም ቃል አልተጨመረም። በወረቀት ግን ከዘዬነት ወደ ቋንቋነት ተሻገረ።

ዕውቅና ማለት ግን የሥራ ቋንቋ መሆን ማለት አይደለም። ሕጉ መንግሥት እነዚህን ቋንቋዎች በፍትሐዊነት እንዲይዝና እንዲያሳድግ ያዝዛል። መማሪያ መጽሐፍ፣ መምህርና ፈተና ግን ሕገ መንግሥት በጸደቀ ማግስት ከሰማይ አይወርዱም።

በሞዛምቢክስ?

በሞዛምቢክ ጥያቄው ይህን ያህል አልከበደም። እዚያ ሾና የሚባል የጋራ ጽሑፍ ቋንቋ አልተሠራም። ስለዚህ ንዳው ብዙውን ጊዜ በራሱ ስም ይጠራል። ሌላ ሸክም ግን ነበረበት። በፖርቱጋሎች ዘመን የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ፖርቱጋልኛ ብቻ ነበር። ከ1975ቱ ነጻነት በኋላም ፖርቱጋልኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። የአገር ውስጥ ቋንቋዎች በመጀመሪያ ደረጃ ታችኛ ክፍሎች በስፋት መግባት የጀመሩት ከ2003 ወዲህ ነው። ንዳው ከእነሱ አንዱ ነው። በመንግሥት ሬዲዮም ይሰማል።

ሌላው ሸክም ጦርነቱ ነው። ከ1977 እስከ 1992 በፍሬሊሞ መንግሥትና በሬናሞ አማፅያን መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። የሬናሞ የመጀመሪያ መሪ አንድሬ ማትሳንጋይሳ ንዳው ተናጋሪ ነበር። እሱ ሲገደል የተተካው አፎንሶ ድላካማ የቺባባቫ ሰው ነው፤ በ2018 ሲሞት የተቀበረውም እዚያው በትውልድ መንደሩ ማንጉንዴ ነው። በሬናሞ ካምፖች ውስጥ ንዳው መግባቢያ ሆነ። ከሰሜን የመጣ ተዋጊም ይለምደው ነበር። በዚህ ምክንያት ንዳው መናገር በአንዳንዶች ዓይን የፖለቲካ ምልክት ሆኖ ቆየ።

ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የፍሬሊሞ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዩሪያ ሲማንጎም ከዚሁ ሕዝብ ናቸው። ልጃቸው ዳቪዝ ሲማንጎ ደግሞ ቤይራን ለዓመታት በከንቲባነት መርተው በ2009 ሦስተኛ ፓርቲ መሠረቱ። በዚምባብዌ በኩል በ1963 የዛኑ ፓርቲን የመሩት ንዳባኒንጊ ሲቶሌም ንዳው ናቸው። ከፓርቲው ከተገፉ በኋላ ዛኑ ንዶንጋ የሚባለው ፓርቲያቸው በ1995 ምርጫ ያገኛቸው ሁለት ወንበሮች ሁለቱም ከቺፒንጌ ነበሩ። አንድ ቋንቋ፣ ብዙ ፓርቲ። ቋንቋ የመታወቂያ ካርድ አይደለም።

የንዳው የራሱ ዘዬዎች የትኞቹ ናቸው?

ንዳው ራሱም አንድ ወጥ አይደለም። በደጋው፣ በቺፒንጌና በቺማኒማኒ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ "ዋናው ንዳው" ይባላል። ወደ ሳቬ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ደረቅ ቆላ፣ በማቻዜ አካባቢ፣ ዳንዳ ይነገራል። በባሕሩ ዳርቻ ሻንጋ አለ። ጋርዌ የሚባልም አለ። የሞዛምቢክ ባለሙያዎች ዶንዶን፣ ባንግዌንና ጎቫን ይጨምራሉ። ባንግዌ በቤይራ አካባቢ ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማምታቻ አለ። "ሻንጋ" የንዳው ዘዬ ነው። "ሻንጋኒ" ወይም "ቻንጋና" ግን ሌላ ቋንቋ ነው፤ የጾንጋ ወገን ሲሆን ስሙ የመጣው ከዚያ ከሶሻንጋኔ ነው። በዚምባብዌ ሕገ መንግሥት ውስጥ ንዳውና ሻንጋኒ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው። በድሮ የቅኝ ግዛት መዛግብት ግን ንዳዎችም አንዳንዴ "ሻንጋን" ተብለው ተጽፈዋል፤ የጋዛ ተገዢዎች ስለነበሩ። የቆየ ሰነድ የሚያነብ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ከዘዬዎቹ በላይ ዛሬ ልዩነት እየፈጠረ ያለው ድንበሩ ነው። ስለ እርሻ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ለቅሶ ሲወራ ሁለቱ ወገን አንድ ናቸው። ስለ ስልክ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ ግን የዚህኛው ቃል ከእንግሊዝኛ፣ የዚያኛው ከፖርቱጋልኛ ይመጣል።

መጻፉስ?

ንዳው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ቋንቋው ድምፅን ከፍና ዝቅ በማድረግ ትርጉም ይለያል፤ አጻጻፉ ግን ያንን አያሳይም። ይህ ለእኛ አይከብደንም። "ገና" ብለን ጽፈን በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው፣ የሚለየው አንባቢው አጥብቆ ወይም አላልቶ ሲያነብ ነው። ንዳው ውስጥ አየርን ወደ ውስጥ እየሳቡ የሚነገር "ደ" አለ። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው "ዸ" ን ካሰበ ተቀራረበ። ዶክ በ1931 ለዚህ ድምፅ ቀንድ ያለው ልዩ ፊደል አዘጋጅቶ ነበር። በጽሕፈት መኪናና በማተሚያ ቤት አስቸጋሪ ስለሆነ በ1955 ተተወ።

ትልቁ ችግር ግን ሁለት የአጻጻፍ ሥርዓት መኖሩ ነው። ዚምባብዌ የእንግሊዝኛን ልማድ ተከትላ "ቸ" ን በሁለት ፊደል፣ በሲና በኤች፣ ትጽፋለች። ሞዛምቢክ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባለሙያዎች ስብሰባ ያወጣችው ሥርዓት ደግሞ "ቸ" ን በሲ ብቻ ይጽፋል። ከማውንት ሴሊንዳ ተነሥቶ በሞዛምቢክ በኩል ወዳለችው ኤስፑንጋቤራ ከተማ መድረስ ሩቅ አይደለም። የማውንት ሴሊንዳ ልጅ የኤስፑንጋቤራን መማሪያ መጽሐፍ ቢያነሣ ተረቱን ያውቀዋል፣ ቃላቱን ያውቃቸዋል። የሚያደናቅፈው ሽፋኑ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቃል ነው። ቺንዳው የሚለው የገዛ ቋንቋው ስም፣ እሱ ሁልጊዜ የሚጽፋት አንዲት ፊደል ጎድላው ተጽፎ ያገኘዋል።